የሜርክሊን፣ የፍላይሽማንና የሮኮ ሐዲድ ከፒኮ ጋር አብሮ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «ለስምንት ዓመት ልጄ የፒኮ ሞዴል ባቡር ማስጀመሪያ ስብስብ አዲስ ገዛሁለት፤ ንጣፍ የሌለው ተራ ሐዲድ ነው። ክቡ ቶሎ ሰለቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ካርቶን ሙሉ ሐዲድ በርካሽ አገኘሁ። ሻጩ ‹ሁሉም ኤችኦ ነው፣ ሁሉም ይገጥማል› አለኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ከፊሉ ላሜራ ነው፣ ከፊሉ የፕላስቲክ ጠጠር ንጣፍ አለው፣ ከፊሉ ደግሞ ንጣፍ የሌለው ነው። የተጻፈባቸው ስም ሜርክሊን፣ ፍላይሽማንና ሮኮ ይላል። አንዱን ላሜራ ከፒኮው ጋር እንደምንም አገጣጥሜ ባበራው ባቡሩ ቆመ፣ የትራንስፎርመሩም መብራት ጠፋ። አቃጠልኩት? የትኛውን ከየትኛው ጋር ላገናኝ?» ጠያቂው የሚኖሩት ጀርመን ነው።

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ስለ ትራንስፎርመሩ። ዛሬ ከማስጀመሪያ ስብስብ ጋር የሚመጡት ከመጠን ያለፈ ከረንት ሲሳብባቸው ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው፤ እርስዎ ቤት የሆነውም ይህ ይመስለኛል። ከሶኬት ይንቀሉት፣ የላሜራውን ሐዲድ ከመስመሩ ያውጡ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በፒኮው ክብ ላይ ብቻ ይሞክሩት። መብራቱ በርቶ ሎኮሞቲቩ ከሄደ ምንም አልሆነም። ካልበራ ግን አይፍቱት፤ 230 ቮልት የሚገባበት ዕቃ ነው፣ ወደገዙበት ይመልሱት።

ወደ ካርቶኑ እንግባ። ሻጩ አልዋሸዎትም፤ ሁሉም ኤችኦ ነው። ችግሩ ኤችኦ የሚባለው መጠን የሚወስነው ሁለት ነገር ብቻ መሆኑ ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፣ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 16.5 ሚሊሜትር ነው። የእውነተኛው መደበኛ ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ ለ87 ሲካፈል እዚያው ይመጣል። ኤሌክትሪኩ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚመለስ፣ የሐዲዱ ብረት ምን ያህል ቁመት እንዳለው፣ ኩርባው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን በዚህ አይታወቅም። እነዚህን እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ መንገድ ወስኗቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሐዲዶች አብረው ይሄዱ እንደሆነ ስንመረምር በቅደም ተከተል ነው መሄድ ያለብን፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ የብረቱ ቁመት፣ ከዚያ የኩርባውና የማዕዘኑ ልክ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው የሁለት ሐዲዶችን ጫፍ ከሚያገጣጥመው ትንሽ ብረት፣ ከማያያዣው ነው፤ ማያያዣው ከገባ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ማያያዣ ግን በፒንሳ ተጨምቆ የማይገባበት ሐዲድ ጥቂት ነው፣ መግባቱም ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

የላሜራው ሐዲድ የሜርክሊን ኤም-ትራክ ነው። ሜርክሊን በ1859 ጀርመን ውስጥ በጎፒንገን ከተማ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው፤ በ16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባቡር መሥራት የጀመረው በ1935 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ የመረጠውን የኤሌክትሪክ አሠራር እስከ ዛሬ አልለቀቀም። አንዱን ቁራጭ መብራት ሥር ያዙትና መሃሉን ይዩት። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ ከአግዳሚዎቹ ላይ፣ ትንንሽ የብረት ነጥቦች ብቅ ብለው ይታያሉ። በጣም ያረጀ ከሆነ በነጥቦቹ ፈንታ መሃል ለመሃል የሚሄድ ሦስተኛ ሐዲድ ያገኛሉ። ኤሌክትሪኩ ወደ ሎኮሞቲቩ የሚገባው በዚህ በመሃሉ በኩል ነው፤ ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር የተንጠለጠለ ረጅም የብረት ምላስ ነጥቦቹን እየታከከ ይቀበለዋል። መመለሻው በመንኮራኩሮቹ አልፎ በግራና በቀኝ ባሉት ሐዲዶች ነው። ሁለቱም ከአንድ ላሜራ ላይ ስለተቀመጡ በኤሌክትሪክ በኩል አንድ ሽቦ ማለት ናቸው።

የእርስዎ ፒኮ፣ እንደ ሮኮውና እንደ ፍላይሽማኑ ሁሉ፣ መሃል ላይ ምንም የለውም። ግራው ሐዲድ አንድ ሽቦ፣ ቀኙ ሐዲድ ሌላ ሽቦ ነው፤ በሁለቱ መካከል ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት) እስከ 12 ቮልት ገደማ ይኖራል። ባቡሩ ወደኋላ የሚሄደው ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ሲገላበጡ ነው። እነዚህን ሁለት ሽቦዎች የሜርክሊን ላሜራ ላይ ሲያሳርፏቸው በቀጥታ ኮንታክት ፈጠሩ፤ ትራንስፎርመሩ የጠፋውም ለዚህ ነው። በኤም-ትራክና በፒኮ መካከል የሚያስታርቅ ቁራጭ ፍለጋ ገንዘብዎን አያውጡ። የማያስተላልፍ የፕላስቲክ ማያያዣ ጣልቃ አስገብተው ኮንታክቱን ቢከላከሉም እንኳ የፒኮው ሎኮሞቲቭ ወዲያ ማዶ እንደተሻገረ ይቆማል፣ የሜርክሊኑም ወደዚህ እንደመጣ መሃሉን አጥቶ ይቆማል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ኪስዎ ውስጥ ርካሽ ቴስተር ይያዙ። ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ ያዙሩት፣ ሐዲዱን ብቻውን ነጥለው አንዱን ጫፍ በግራው ብረት ሌላውን በቀኙ ያስነኩ። ከጮኸ ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ የሜርክሊን ወገን ነው። ዝም ካለና መሃሉ ላይም ነጥብ ወይም ሦስተኛ ሐዲድ ከሌለው፣ በኤሌክትሪክ በኩል እርስዎ ለሚጠቀሙበት ይሆናል። የሻጭ ቃልም የካርቶን ጽሑፍም ከዚህ አይበልጥም፤ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ያለ ካርቶን ውስጥ ከላዩ ከተጻፈው ሌላ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው።

ይኸንኑ ፈተና በፉርጎዎችም ላይ ያድርጉ። የሜርክሊን ፉርጎ ግራና ቀኝ መንኮራኩሮቹ በብረት አክስል የተያያዙ ናቸው፤ ለሜርክሊን ሐዲድ ይህ ምንም ችግር የለበትም። በፒኮው ክብ ላይ ግን አንድ እንዲህ ያለ ፉርጎ ብቻውን ቢቀመጥ አክስሉ ሁለቱን ሐዲዶች ድልድይ ሆኖ ያገናኛቸዋል፣ ትራንስፎርመሩም ዳግመኛ ይጠፋል። ብዙ ሰው ሐዲዱን መርምሮ ካጣራ በኋላ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፉርጎው አክስል ከነመንኮራኩሮቹ በጣት ተስቦ ይወጣል፣ በምትኩ አንዱ መንኮራኩር በፕላስቲክ ቀለበት የተለየ አክስል ይገባል። ሲገዙ የአክስሉን ርዝመት ከጫፍ ጫፍ በካሊፐር ለክተው ይሂዱ፤ በጣም ካጠረ ይወድቃል፣ ከረዘመ አይሽከረከርም። የተገላቢጦሹ ቀላል ነው፤ የፒኮ ፉርጎ በሜርክሊን ሐዲድ ላይ ይንከባለላል፣ ባቡር መድረሱን በአክስሉ በኩል የሚያውቁት የሜርክሊን ቁራጮች ብቻ አያዩትም።

ሎኮሞቲቭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምላሱን፣ መንኮራኩሩንና የውስጥ ሽቦውን አንድ ላይ መለወጥ ስለሚጠይቅ ለልጅ መጫወቻ አልመክረውም። ከሁሉ በላይ የሜርክሊን አሮጌ ትራንስፎርመር ካርቶኑ ውስጥ ካለ ከፒኮው ሐዲድ ጋር በፍጹም አያገናኙት። የሚሰጠው ኤሲ (አቅጣጫው በፍጥነት የሚገላበጥ ከረንት) እስከ 16 ቮልት ነው፤ አቅጣጫ ለማስቀየር ቁልፉ ሲጫን ደግሞ ወደ 24 ቮልት የሚጠጋ ምት ይልካል። ለዲሲ የተሠራ ሞተር ኤሲ ሲገባበት አይሄድም፣ እዚያው ቆሞ እየጮኸ ይግላል። ገመዱ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ አሮጌ ትራንስፎርመር ከሆነ ደግሞ ለማንም አይስጡት፣ ወደ ኤሌክትሪክ ቆሻሻ ማስረከቢያ ይውሰዱት። ይህን የምለው ልጅ ስላለ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

«ዲጂታል ካደረግሁት (ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በሐዲዱ በኩል ትእዛዝ በሚላክበት አሠራር ማለት ነው) ልዩነቱ ይጠፋል» የሚል ነገር በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የዛሬ የሜርክሊን ማዕከላዊ መቆጣጠሪያዎች ሌላው ዓለም የሚጠቀምበትን ዲሲሲ የተባለ ቋንቋም ይናገራሉ፤ ስለዚህ የኤሲና የዲሲ ፀብ በዚያ በኩል ይበርዳል። ሆኖም መሃሉ ላይ ነጥብ ያለውና የሌለው ሐዲድ ልዩነት በዲጂታልም ያው ነው። ኮንታክት ኮንታክት ነው፣ እንዲያውም የዲጂታል ከረንት ከፍ ስለሚል ጉዳቱ ይብሳል።

ስለ ሜርክሊን ቤተሰብ ትንሽ ልጨምር፤ ላሜራውን ይዘው መቀጠል ከፈለጉ ይጠቅምዎታል። ፋብሪካው ሦስት ዓይነት ሐዲድ ሠርቷል፦ የላሜራው ኤም-ትራክ፣ የፕላስቲክ አግዳሚ ያለው ኬ-ትራክ፣ እና ከ1996 ወዲህ የመጣው ጠጠር ንጣፉ ከሐዲዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራው ሲ-ትራክ። ሦስቱ በኤሌክትሪክ አንድ ናቸው፣ ጫፋቸው ግን አይገጥምም። ለዚህ ፋብሪካው ራሱ 180 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው መሸጋገሪያ ቁራጮች አውጥቷል፤ ከሲ ወደ ኤም የሚያሻግረው 24951፣ ከሲ ወደ ኬ 24922፣ ከኬ ወደ ኤም 2291 ናቸው። ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ቦታ ቁጥሩን ጠርተው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ትሪክስ የሚባለው ስም ከ1997 ጀምሮ የሜርክሊን ነው፤ በዚህ ስም የሚሸጥ ሲ-ትራክም አለ። ከሜርክሊኑ ሲ-ትራክ ጋር ጫፉ ይገጥማል፣ ርዝመቱም ኩርባውም ያው ነው፣ ቀለሙ ይመሳሰላል። ግን መሃሉ ላይ ነጥብ የለውም፣ ሐዲዶቹም የተለያዩ ናቸው፤ ለሁለት-ሐዲድ ዲሲ ነው የተሠራው። ሲገጥም ጥርት ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ስለሚሰጥ ሰው ልቡን ይጥልበታል። ንጣፍ ያለው ግራጫ ሐዲድ በርካሽ ሲያገኙ ገልብጠው ሳይሆን ከላይ፣ መሃሉን ነው ማየት ያለብዎት።

አሁን በኤሌክትሪክ ወደሚስማሙት እንምጣ። ሮኮውና ፍላይሽማኑ ይቀራሉ። ከፒኮው ጋር የሚለያዩት በተለያየ ምክንያት ነው።

የሮኮው ችግር ቁመት ነው። የሐዲድ ብረት ቁመት የሚነገረው ኮድ በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በኢንች ሺኛ ነው። ኮድ 100 ማለት 2.54 ሚሊሜትር፣ ኮድ 83 ወደ 2.1፣ ኮድ 75 ወደ 1.9 ሚሊሜትር ነው። የፒኮ ኤ-ትራክ ኮድ 100 ነው፤ ንጣፍ የሌለው የሮኮ ሐዲድ፣ ሮኮ ላይን የሚባለው ከሆነ፣ ኮድ 83 ነው። ልዩነቱ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1 ለ87 መጠን ይህ በእውነተኛው ሐዲድ ላይ የሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ደረጃ ማለት ነው። ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ሲሄድ ባቡሩ ዘጭ ይላል፤ ከዝቅተኛው ሲመጣ ደግሞ የፊት መንኮራኩሩ ከጫፉ ጋር ይላተምና ቀላል ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣል።

በርዝመትና በማዕዘን ግን ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ሮኮውን ማዳን ተገቢ ነው እላለሁ። የፒኮ መደበኛ ቀጥታ 231 ሚሊሜትር፣ የሮኮው 230 ነው። ሁለቱም ኩርባቸውን በ30 ዲግሪ ይቆርጣሉ፤ አሥራ ሁለት ቁራጭ ሙሉ ክብ ይሆናል። ባቡሩን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ የሚያሻግረው የመቀየሪያቸው ማዕዘን በሁለቱም 15 ዲግሪ ነው። ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት መስመሮች መካከል የሚተዉት ርቀት በፒኮ 61.88፣ በሮኮ 61.6 ሚሊሜትር ነው። ይህ ልዩነት ሐዲዱ በሚሰጠው መላወሻ ውስጥ ይጠፋል።

ቁመቱን ማስተካከያው እንዲህ ነው። በመደብር የሚሸጥ ከኮድ 100 ወደ ኮድ 83 እና 75 የሚያሻግር ማያያዣ አለ፤ የእንግሊዙ ፔኮ ይሠራዋል (ከፒኮ ጋር አያምታቱት፣ ሌላ ፋብሪካ ነው)። ካላገኙ በእጅ ይሠራል። አንድ ተራ የኮድ 100 ማያያዣ ወስደው ግማሹን በፒኮው ብረት እግር ላይ ያስገቡ። ወደ ውጭ የቀረውን ግማሽ ልሙጥ እስኪሆን በፒንሳ ይጫኑት። የሮኮውን ብረት ጫፍ በዚህ በተለመጠው ላይ ያስቀምጡ፤ ለቦታው እንዲመች የመጀመሪያውን አግዳሚ ቆርጠው ያውጡ። የማያያዣው ውፍረት ከልዩነቱ ከፊሉን ይሞላል፣ የቀረውን በሮኮው አግዳሚዎች ሥር ቀጭን ካርቶን እያስገቡ ያነሱታል። የሁለቱ ብረቶች ራስ እኩል መሆኑን ለማወቅ ዓይንዎን አይመኑ፤ ጥፍርዎን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስኪዱት። ከላይም፣ የመንኮራኩሩ ከንፈር በሚሄድበት በውስጠኛው ጠርዝም። ጥፍርዎ ካልተሰናከለ ሶልደር ያድርጉት። ብረቱ ሲግል ፕላስቲኩ ስለሚቀልጥ ከሁለቱም ወገን እርጥብ ጥጥ ያስቀምጡ፣ ሥራውንም በፍጥነት ይጨርሱ። አሲድ ያለበት የቧንቧ ሠራተኞች ፓስታ አይጠቀሙ፤ ከወራት በኋላ ብረቱን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

ይህን መሸጋገሪያ የሚሠሩት ቀጥታ ላይ ብቻ ይሁን። ኩርባ ላይ ብረቱ ወደ ጎን ስለሚገፋ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ከመቀየሪያ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ባቡሩ ከአንዱ መናወጥ ሳይረጋጋ ሌላው ይደርስበታል። ሁለት መሸጋገሪያ ይበቃዎታል። ፒኮና ሮኮን አንድ በአንድ እያፈራረቁ መዘርጋት ትዕግሥትዎን ይጨርሳል፣ የልጁንም ደስታ ይወስዳል።

የፍላይሽማኑ ተቃራኒ ነው። ንጣፍ ያለው የፍላይሽማን ሐዲድ ፕሮፊ ይባላል፤ ብረቱ 2.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ከፒኮው ጋር እኩል ነው። ንጣፉ የሚያነሳው ከፍታ ከፒኮው ሥር ቡሽ በማንጠፍ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ማዕዘኑ ነው። ፕሮፊ ትንንሾቹን ኩርባዎች የሚቆርጠው በ36 ዲግሪ ነው፤ ሙሉ ክብ የሚሆነው በአሥር ቁራጭ ነው። መቀየሪያው 18 ዲግሪ ነው። እንግዲህ በፍላይሽማን መቀየሪያ ወደ ጎን ወጥተው በፒኮ የ15 ዲግሪ ኩርባ ወደ ትይዩ መመለስ ቢፈልጉ 3 ዲግሪ ይጎድልዎታል። የአንድ ቀጥታ ቁራጭ ርዝመት ያህል ሲሄዱ ያ 3 ዲግሪ ሐዲዱን 12 ሚሊሜትር ወደ ጎን ያስወጣዋል፤ ከሐዲዱ ስፋት ሦስት አራተኛ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሐዲድ ትንሽ ስለሚተጣጠፍ ሰው ጎትቶ ያገጥመዋል፣ የተዘጋም ይመስላል። ግን መጋጠሚያዎቹ ላይ ስብራት ይቀራል፤ አጭሩ ሎኮሞቲቭ ያልፋል፣ ረጅሙ የመንገደኛ ፉርጎ ይወድቃል፣ ጥፋተኛውም ፉርጎው ይመስላል።

ሁለት የተለያዩ ጂኦሜትሪዎችን በንጽህና የሚያገናኛቸው ተጣጣፊ ሐዲድ ነው። በቁመና ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ በእጅ እንደፈለጉ የሚታጠፍ ነው፤ የፒኮው 940፣ የፔኮው 914 ሚሊሜትር ነው። በልኩ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ብረት ወደ ውጭ ይተርፋል፤ የተረፈውን በጥሩ የጎን መቁረጫ ወይም በሴጌቶ ቆርጠው ጫፉን በሞረድ ያለሰልሱ። የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከሁለቱም ወገን ያለውን ዲግሪ ማስላት አያስፈልግም፤ ዓይን የሚያየው ለስላሳ መስመር ከሆነ ባቡሩም ይወደዋል። ራዲየሱ (ከክቡ መሃል እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት) ከ360 ሚሊሜትር ያነሰ ኩርባ ግን አያድርጉት።

ስለ መቀየሪያ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቀጥታና ኩርባን ማደባለቅ ይቻላል፤ መቀየሪያዎችን ግን ከአንድ ፋብሪካ ይግዙ፣ ቢያንስ በአንድ ጣቢያ ውስጥ። በመቀየሪያ ውስጥ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ሾጣጣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ጫፍ አለ፤ መንኮራኩሩ እዚያ ላይ ለአፍታ ያለ ድጋፍ ያልፋል። እንዳይሳሳት የሚይዘው ከማዶ ያለው ጠባቂ ብረት ነው፣ ርቀቱም በመንኮራኩሮቹ ጀርባ መካከል ባለው ስፋት ይወሰናል። የሞዴል ባቡር ማኅበራት የአውሮፓ ኅብረት የሆነው ሞሮፕ ከ1954 ጀምሮ ለዚህ ሁሉ ልክ የሚያወጣ ሲሆን ልኮቹ ኔም ይባላሉ። በኔም ልክ የተሠራ መንኮራኩር የጀርባ ስፋቱ 14.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሜርክሊኑ ወደ 14 ይጠጋል፣ የድሮዎቹም ከንፈራቸው ወፍራምና ጥልቅ ነው። ስለዚህ አሮጌ ፉርጎ በጠባብ የተሠራ መቀየሪያ ውስጥ ሲገባ ይንጠለጠላል። ኮድ 75 ወይም 83 ሐዲድ ላይ ሲሄድ ደግሞ ከንፈሩ ብረቱን የያዙትን የሚስማር ራሶች እየነካ ትርትር የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህን ድምፅ ከሰሙ ሐዲዱን አይክሰሱ፣ መንኮራኩሩን ይለውጡ።

የፔኮ መቀየሪያ የሚገዙ ከሆነ ሾጣጣው ብረት የሆነውንና ፕላስቲክ የሆነውን ለይተው ይጠይቁ። ብረት የሆነው ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ባቡሩ በዝግታ ሲያልፍ አይቆምም፤ ነገር ግን ከሾጣጣው በኋላ ባሉት ሁለት ውስጠኛ ብረቶች ላይ የፕላስቲክ ማያያዣ ካልገባ እንደገና ኮንታክት ነው። ለጀማሪ ፕላስቲኩ ይሻላል። በእነዚህ የፔኮ መቀየሪያዎች ያልተመረጠው መስመር ኤሌክትሪክ እንደማይኖረውም ይወቁ፤ ባቡሩ እዚያ ሲቆም የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ።

ጥያቄውን ከሌላ አገር ሆነው ለሚያነቡ ጥቂት ልበል። እንግሊዝ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሆርንቢና የፔኮ ሴትራክ ሁለቱም ኮድ 100 ሲሆኑ የኩርባቸው ራዲየስ አንድ ነው፣ 371፣ 438፣ 505 ሚሊሜትር እያለ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ የአትላስ ሐዲድ በኮድ 100ም በኮድ 83ም ስለሚሸጥ ቁጥሩን ሳታዩ አትግዙ። የካቶ ዩኒትራክ በራሱ ፕላስቲክ ማያያዣ ነው የሚገጥመው፤ ያ ማያያዣ ተስቦ ሲወጣ ግን ተራ የብረት ማያያዣ ይገባበታል፣ በዚህም ከሌላ ኮድ 83 ሐዲድ ጋር ይገናኛል። የንጣፉን ከፍታ ማመጣጠን ብቻ ነው የሚቀረው።

የለገሃርን ባቡር በሞዴል መሥራት የሚፈልጉም አሉ፤ ለእነሱ ሐዲድ ከመግዛታቸው በፊት የምነግራቸው አለኝ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው የድሮው መስመር ስፋቱ 1000 ሚሊሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ 1435 ነው። አዲሱን በ1 ለ87 የሚሠራ ተራውን የኤችኦ ሐዲድ ይጠቀማል። የድሮውን የሚሠራ ግን 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ኤችኦ-ኤም የሚባለው ሐዲድ ያስፈልገዋል፤ ቤሞ፣ ቲሊግና ፔኮ ይሠሩታል። ቲቲ የሚባለው መጠንም ሐዲዱ 12 ሚሊሜትር ስለሆነ ባቡሩ ይሄድበታል፣ ኤሌክትሪኩም ይስማማል። ነገር ግን ቲቲ 1 ለ120 ነው፤ አግዳሚዎቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ የድሬዳዋን መስመር ለሚያውቅ ዓይን ይረብሻል።

ወደ እርስዎ ካርቶን ልመለስና እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ። ዋናውን ክብና መቀየሪያዎቹን ሁሉ በፒኮ እሠራለሁ፤ አዲስ ስለሆነ ቁራጭ በየጊዜው መጨመር ይቻላል። ሮኮውን ከመቀየሪያው በኋላ ላሉት የጭነት ማቆሚያ መስመሮች እጠቀምበታለሁ፤ እዚያ ባቡሩ በዝግታ ስለሚሄድ መሸጋገሪያው ላይ ጭንቀት የለም። ከመሸጋገሪያው ወዲህም ወዲያም የኤሌክትሪክ ሽቦ ለየብቻ አስገባለሁ፣ ማያያዣው ከረንት እንዲያሳልፍ አልጠብቅበትም፤ ረጅም መስመር ላይም በየሁለት ሜትሩ አንድ ጥንድ ሽቦ እጨምራለሁ። ፍላይሽማኑን እቆጥረዋለሁ፤ ተመሳሳይ ኩርባ አሥር ቁራጭ ካለ አንድ ሙሉ ክብ ነውና ከፒኮው ሳይገናኝ ለብቻው ይዘረጋል፣ ባቡሩንም መቆጣጠሪያውንም ከፒኮው ወስዶ ያጫውታል። አሥር ካልሞላ እሸጠዋለሁ፤ ፈላጊ አለው።

ላሜራውን አይጣሉ። ነጥቦቹ ካልታጠፉና ዝገቱ ላዩን ብቻ ከሆነ ጠንካራ ሐዲድ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ቢዘረጋም አይጎዳም፣ ዕድሜ ልኩንም ለዚያ የተሠራ ነው። አንድ ቀን ምላስ ያለው የሜርክሊን ሎኮሞቲቭና ደህና ትራንስፎርመር ካገኙ ሁለተኛ ባቡር ሆነ ማለት ነው፣ በሌላ ክፍል፣ በራሱ ኤሌክትሪክ።

ሁሉንም ከመዘርጋትዎ በፊት ብረቱን በኢሶፕሮፓኖል ያራሱት ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከፋርማሲ ይገኛል፣ ልጁ ሳይኖር መስኮት ከፍተው ያድርጉት። የብረት ሱፍ አይጠቀሙ፤ ብናኙን የሞተሩ ማግኔት ይስበዋል። የብርጭቆ ወረቀትም ብረቱን ስለሚቧጥጠው ቆሻሻው በጭረቱ ውስጥ ቶሎ ተመልሶ ይገባል።

ከካርቶኑ ውስጥ ስሙ የማይነበብ ቁራጭ ካጋጠመዎት ገልብጠው ከሥሩ ቁጥር ይፈልጉ። ለምሳሌ 5106 የሚል የሜርክሊን ላሜራ ቀጥታ፣ 5100 ደግሞ ኩርባው ነው። ቁጥር ከሌለው የብረቱን ቁመት በካሊፐር ለክተው፣ ቴስተሩ መጮህ አለመጮሁን ጨምረው ይጻፉልኝ፤ በሁለቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይቻላል።